ዋትስአፕ ቢዝነስ ለድርጅት ለሚሸጥ ሰው፦ ምኑ ይጠቅማል፣ ምኑ አይረባም

የሥራ ልብስ ነው የምሸጠው። ቱታ፣ ጋዋን፣ የጥበቃ ካፖርት፣ ሴፍቲ ጫማ። ሱቄ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ገዢዎቼ ግን በአብዛኛው ታች ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎችና እዚሁ ያሉ ሆቴሎች ናቸው። አዲስ ድርጅት የማናግረው ለነጋዴ ተብሎ በተሠራው ዋትስአፕ፣ በዋትስአፕ ቢዝነስ ስለሆነ የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

አፑ ነፃ ነው። የምወድለት ሌብሉን ነው፤ በእያንዳንዱ ደንበኛ ቻት ላይ የምትለጥፉት መለያ ማለት ነው። የእኔዎቹ «ፕሮፎርማ የጠየቀ»፣ «ናሙና የወሰደ»፣ «ክፍያ የቀረው» ይላሉ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት «ናሙና የወሰደ» የሚለውን ነካ አድርጌ ለማን መደወል እንዳለብኝ አያለሁ። ካታሎጉም፣ ማለትም ዕቃችሁን በፎቶ የምትደረድሩበት ገጽ፣ ፎቶ ደጋግሞ ከመላክ ያድናል።

ብሮድካስቱ፣ አንድ መልእክት ለብዙ ሰው በአንዴ የሚላክበት፣ ግን ለአዲስ ደንበኛ አይሆንም። አንድ ዝርዝር እስከ 256 ሰው ይይዛል፤ ነገር ግን ቁጥራችሁን ሴቭ ላላደረገ ሰው መልእክቱ አይደርስም። የማያውቃችሁ የግዢ ክፍል ኃላፊ ደግሞ ቁጥራችሁን ከየት አምጥቶ ሴቭ ያደርጋል? ይህን ሳይናገሩ «በአንዴ ለሺህ ድርጅት እንልክላችኋለን» እያሉ ብር የሚቀበሉ አሉ፣ ተጠንቀቁ። ለማያውቃችሁ ሰው በጅምላ ስትልኩና ሰዉ ብሎክና ሪፖርት ሲያደርጋችሁ ቁጥሩ ራሱ ሊዘጋ ይችላል፤ ነባር ደንበኞቻችሁ ሁሉ የሚያውቁት ቁጥር ማለት ነው።

ዝግጁ መልስም አለው። ስላሽ (/) ስትጫኑ ይመጣል፣ እስከ 50 ማስቀመጥ ይቻላል። ለዋጋ፣ ለሳይዝ፣ ለባንክ ሒሳብ ቁጥር ግሩም ነው። ለመጀመሪያው መልእክት ግን በፍጹም አትጠቀሙበት። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ የሚጀምረውን ማንም ገልጦ አያነበውም፤ ለወይዘሮዋ «ጌታዬ» ብሎ የሄደ ጽሑፍ ደግሞ ጭራሽ በሩን ይዘጋል።

እኔ የምሠራበትን ላሳያችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መንገዱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆንም የጦሳ ተራራ ሥር ብርድና የታቹ ሙቀት አንድ ልብስ አያስለብሱም። ስለዚህ ለደሴ ሆቴል እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት፣ ማታ በር ላይ የሚቆሙት ጥበቃዎቻችሁ ስስ ጃኬት ለብሰው አየሁ። ገበር ያለው ካፖርት አለኝ። ነገ አንድ ናሙና ላምጣልዎት?» አለቀ። ዋጋ የለም፣ የድርጅቴ ታሪክ የለም። ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ከሆነ ስለ ካፖርት ትንፍሽ አልልም፤ ስስ የጥጥ ቱታ፣ በእጥበት የማይለቅ ቀለም፣ ከቫት ደረሰኝ ጋር። አይቼው የማላውቀውን ግቢ ደግሞ መጀመሪያ ሄጄ ሠራተኛው ምን ለብሶ እንደሚወጣ አያለሁ፣ ከዚያ ነው የምጽፈው። ጊዜ ይፈጃል፣ አውቃለሁ። ግን «ይምጡ» የሚል መልስ የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ሰዓትም ምረጡ፤ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ስለ ዋጋ የሚጻፍ መልእክት ደስ አይልም።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ብዙ ኃላፊዎች ቴሌግራም ላይ ሆነው ዋትስአፕ ከፍተው የሚያዩት አልፎ አልፎ ስለሆነ ነው። ቴሌግራምም በ2016 ዓ.ም. የቢዝነስ አገልግሎት ጀምሯል፤ ግን ፕሪሚየም ለሚባለው የቴሌግራም አገልግሎት መክፈልን ይጠይቃል። እኔ ለጊዜው ሌብሉን እዚህ ይዤ፣ ቴሌግራም ላይ ያለውን ሰው እዚያው በእጄ እጽፍለታለሁ።