ቤት ውስጥ ማስተማር፦ ዓመቱን ሙሉ ወይስ ረጅም ዕረፍት ይዞ?

ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ ከሆነ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እንደ ትምህርት ቤት ሁለት ወር እንዝጋ? ወይስ ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያልን እንሂድ?

ሒሳቡን እንየው። 180 የትምህርት ቀን ካሰባችሁ፣ በሳምንት 5 ቀን 36 ሳምንት ይፈጃል። በሳምንት 4 ቀን ከሆነ ደግሞ 45 ሳምንት ነው። ያኔም 7 ሳምንት በእጃችሁ ይቀራል። ልጅ ሲታመም፣ እንግዳ ሲመጣ፣ የአንዳችሁ የሥራ ፈረቃ ሲቀየር ከዚያ ላይ ትቆርጣላችሁ። ማንም "ወደኋላ ቀረን" ብሎ አይጨነቅም።

ረጅሙ ዕረፍት በጣም የሚጎዳው ሒሳብን ነው። ልጄ ማካፈልን በደንብ ይዞ ነበር። ከዕረፍት ስንመለስ እርሳሱን እንደያዘ 84 ለ 6 ላይ ፈዞ ቀረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሦስት ሳምንት በክለሳ አለፈ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሀውስ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው፣ ያልተከለሰ ነገር ቶሎ ይረሳል፤ በየመሃሉ እያረፉ መከለስ ደግሞ ያጸናዋል። አሁን በዕረፍት ሳምንታችን እንኳ አምስት ጥያቄ ቁርስ ላይ እንሠራለን። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ረጅሙ ዕረፍትም የራሱ ጥቅም አለው። የጎረቤት ልጆች ሲዘጉ የእናንተም ይዘጋሉ፤ አብረው ይጫወታሉ። የሚያስተምረው ወላጅም ትንፋሽ ያገኛል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚለውን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ የዕረፍት ሳምንቶቹን አስቀድማችሁ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉባቸው። አለዚያ "በሚቀጥለው ሳምንት እናርፋለን" እየተባለ ዓመቱ ያልቃል።