ኪትፎክስ ወይስ ዜኒት? ክንፉን አይታችሁ ምረጡ

ጋራዥ ውስጥ አውሮፕላን ልሥራ ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተርና ስለ ፍጥነት ነው። እኔ ከክንፉ ጀምሩ እላለሁ። ለወራት አብራችሁት የምትውሉት እሱ ነዋ!

ሁለቱም አሜሪካ የሚሸጡ ኪቶች ናቸው፣ ማለትም ክፍላቸው ተዘጋጅቶ መጥቶ ገዢው ራሱ የሚገጣጥማቸው አውሮፕላኖች፤ ኪትፎክስ ከአይዳሆ፣ ዜኒት ሲኤች 750 ከሚዙሪ። ሁለቱም ባለ ሁለት መቀመጫ ናቸው፣ ክንፋቸው ከላይ ሆኖ በዘንግ ይደገፋል፣ አጭር ሜዳ ይበቃቸዋል። የክንፉ አሠራር ግን ጨርሶ አይገናኝም።

ዜኒት ሁለመናው አሉሚኒየም ነው። ቆርቆሮው ተበስቶ ይመጣል፤ የቀዳዳውን ጠርዝ ታለሰልሳላችሁ፣ ታገጣጥማላችሁ፣ ከዚያ ከአንድ ጎን ብቻ በሚሳብ ፖፕ ሪቬት (የቆርቆሮ ማሰሪያ ሚስማር) ታስሩታላችሁ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቫንስ አርቪ 7 በሚባለው ሌላ የአሉሚኒየም ኪት ላይ ሪቬቱ እየተመታ ስለሚገባ ብዙ ቦታ ከኋላ ብረት ደግፎ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፣ ጎረቤትም ይማረራል።

ኪትፎክስ ደግሞ ሁለት የአሉሚኒየም ቱቦ፣ በላዩ የኮምፔርሳቶ ሪቦች (ለክንፉ ቅርጽ የሚሰጡ የጎድን አጥንቶች)፣ ከዚያ ሙጫና ፖሊስተር ጨርቅ ነው። ጨርቁን በካውያ ስታሞቁት ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይወጠራል። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ 121 ዲግሪ፣ መጨረሻ ላይ 177 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ስለዚህ የካውያውን ሙቀት በቴርሞሜትር ሳትለኩ እንዳትነኩት። ሥራው ደስ ይላል፣ ግን ቀለሙ ብዙ ድርብርብ ነው፣ ሽታውም ቤት ውስጥ አይቻልም። ፀሐይ ጨርቁን ስለሚበላው የብር ቀለሙን ንብርብር ማሳሳት አያዋጣም።

ማስተካከሉ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የክንፉ ጫፍ ከሥሩ (ከአካሉ ጋር ከሚገናኝበት) ትንሽ ዝቅ ብሎ እንዲጠመዘዝ የሚደረገው፣ አውሮፕላኑ በጣም ሲዘገይ ሥሩ ቀድሞ ማንሳቱን እንዲለቅና ጫፉ ላይ ያለው መሪ እንዲሠራ ነው። እንደ ፓይፐር ከብ ባሉ የጨርቅ ክንፍ ባላቸው አውሮፕላኖች ይሄን ክንፉን በሚደግፈው የኋለኛው ዘንግ ጥርስ እያጠበቃችሁና እያላላችሁ ታስተካክላላችሁ። የብረት ክንፍ ላይ ግን ቆርቆሮው ከታሰረ በኋላ ያለው ጥምዝ አለቀ፣ እሱ ነው። ጠረጴዛችሁ ጠማማ ከሆነ ክንፉም ጠማማ ይወጣል። ስለዚህ ዜኒት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ ያውጣ የምለው ለ4 ሜትር ገደማ ቀጥ ያለ ጠረጴዛና ለጥሩ ውሃ ልክ ነው።

ሀንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤት) ከሌላችሁ ግን ብዙ አታስቡ፣ ኪትፎክስ ነው። ክንፉን ከአካሉ ጋር የሚይዘውን የፊት ፒን ነቅላችሁ ክንፉን ወደ ኋላ ታጥፉና በተጎታች ወደ ቤት ትወስዱታላችሁ። ስትዘረጉት ፒኑ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ፣ በእጃችሁም ንኩ፤ ጓደኛ አይቶታል አይባልም። ዜኒት በየቀኑ ክንፉ እንዲታጠፍ የተሠራ አይደለም። ውጭ ከሚያድር ግን ቆርቆሮው ከጨርቁ ይሻላል።

ሌላ ሰው ጀምሮ የተወውን ኪት በርካሽ አግኝታችሁ ከሆነ ሚዛኑ ወደ ዜኒት ያዘነብላል። ሪቬትን አይታችሁ ትፈርዳላችሁ፤ መጥፎውን በትራፓኖ አውጥታችሁ ትተካላችሁ። ሙጫ ግን በትክክል ተበጥብጦ ይሁን፣ ቱቦው ከመለጠፉ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ይሁን ከላይ አይታይም። አሜሪካ ላይ ከግማሽ በላዩን አማተር ሠሪ እንደሠራው ለማሳየት ፎቶና የሥራ መዝገብ ይያዛል። ሻጩን እሱን ጠይቁት፤ የለኝም ካለ የጨርቁን ክንፍ እዚያው ተዉለት።