«መኪናዋ ቀን የት ነው የምትውለው?» ላለኝ ልጅ

መኪናዬ በፀሐይ እንድትሞላ ጣሪያዬ ላይ ሶላር ለገጠመልኝ ልጅ ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ባለፈው ጥር ነው። የዘገየሁት በስንፍና ብቻ አይደለም። ክረምቱን ሳላይ ማመስገን ፈራሁ። ሶላርን በበጋ ማንም ያሞግሰዋል፤ ጉዱ የሚታየው ሐምሌ ላይ ነው። አሁን ክረምቱ አልፏል። ጣሪያዬ አላፈሰሰም፣ መኪናዬም መንገድ ላይ አልቆመችም። ስለዚህ ልጻፍ።

ቤታችን ስድስት ኪሎ አጠገብ፣ አፍንጮ በር ነው። የእናቴ አሮጌ ቆርቆሮ ቤት። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ እኔም እንደ ብዙው ሰው ኤሌክትሪክ ገዛሁ። ቢዋይዲ ሲጋል፣ ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ። የሰፈር ልጆች «ሚጢጢዋ» ይሏታል።

መጀመሪያ የምሞላት እንዴት እንደነበር ስነግራችሁ አትስቁ። ከሳሎን ሶኬት በመስኮት ገመድ ጎትቼ፣ መሐል ላይ ዲቫይደር ጨምሬ፣ ሌሊቱን ሙሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት እማዬ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ብላ ቀሰቀሰችኝ። ሶኬቱ ቀልጦ ስፒናው ተጣብቆበታል። ግድግዳው ጠቁሯል። እሷ እንቅልፏ ከባድ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር።

ከዚያ ሶላር ወደሚሸጥ አንድ ቤት ሄድኩ። ስለ ቤቴ ምንም ሳይጠይቁኝ ወረቀት አወጡ። «መኪና የሚሞላው ማታ ነው፤ ስለዚህ ቀን የሚያጠራቅሙ ትልልቅ ሊቲየም ባትሪዎች ያስፈልጉሻል» አሉኝ። ዋጋውን ሳየው ሁለተኛ መኪና የምገዛ መሰለኝ። ተውኩት።

ልጁን ያገናኘችኝ ልብስ የምሰፋላት ደንበኛዬ ናት። ጠዋት 2 ሰዓት እመጣለሁ ብሎ 4 ሰዓት መጣ። ተናድጄ ነበር። ቡና ሳይቀርብለት፣ ጣሪያውንም ቀና ብሎ ሳያይ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «እትዬ፣ መኪናዋ ቀን የት ነው የምትውለው?»

እዚሁ ግቢ ውስጥ አልኩት። ልብስ ስፌቴን የምሠራው ቤት ነው። ጠዋት ልጆቹን መካኒሳ ትምህርት ቤት አድርሼ 3 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። 9 ሰዓት ሲሆን ላመጣቸው እወጣለሁ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ብነዳ ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ባትሪ ምን ሊያደርግልዎት ነው? መኪናዋ ራሷ ባትሪ አይደለች እንዴ? ፀሐይ እያለች ቀጥታ ለሷ እንስጣት።»

ንዴቴ እዚያው በረደ። ጥቂት ወራት ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነበር። መኪናችሁ ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት በር ላይ የምትቆም ከሆነ ግን የኔ ሒሳብ ለእናንተ አይሠራም። ይህን እሱም ፊት ለፊት ይነግራችኋል። አንዱን ጎረቤቴን «ይቅርብዎት» ብሎ መልሶታል። ሥራ እየለመነው!

ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጣ። አንዴ ሳይሆን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ፤ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ። የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጥላ የት እንደሚያርፍ በጠመኔ ቆርቆሮው ላይ አሰመረ። በተርታ ከታሰሩት ፓኔሎች አንዱን ጥላ ከያዘው ሌሎቹንም ያደክማቸዋል አለኝ። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ፓኔሎች እኔ ካሰብኩት ቦታ ተነሱ። ለመልክ ትንሽ ያስጠላል፤ ግድ የለም።

አንድ የገረመኝ ነገር ልጨምር። ፓኔል ወደ ደቡብ ይዙር ሲባል እሰማ ነበር። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ናት። ስለዚህ ወደ ደቡብ በደንብ ብናጋድለው ያን ጊዜ እንከስራለን። ልጁ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል አደረገው። ጭራሽ ጠፍጣፋ ያላደረገው ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ነው። 50 ዓመት እዚህ ሰፈር ስንኖር ጥላችን ሰኔ ላይ ወደ ደቡብ እንደሚወድቅ አስተውለን አናውቅም።

የተገጠመው ይህ ነው፦ ባለ 550 ዋት 6 ፓኔል፣ ባለ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (የፀሐዩን፣ የባትሪውንና የቆጣሪውን ኃይል አቀናጅቶ ለቤቱ የሚሰጥ መሣሪያ)፣ አንዲት ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ። ባትሪዋ ለመኪና አይደለችም። ለፍሪጅ፣ ለአምፖልና ለስፌት ማሽኔ ናት። ደመና ሲያልፍም መኪናዋ እንዳትቆራረጥ ትደግፋለች። ፓኔሎቹን የተሸከመው ቱቦላሬ ነው፤ ቡለኑ በገባበት ሁሉ ጎማና ሲሊኮን አለ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን በማይታየው ሥራ ነው። ኧርዝ፣ ማለትም የሾለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበትን መስመር፣ ለካ፤ ቤታችን ኧርዝ የሚባል ነገር የለውም። ስንት ዓመት እንዲሁ ኖረናል! ግቢው ጥግ ላይ ብረት ቀብሮ እንደገና ለካ፤ አልጥም ሲለው ሁለተኛ ብረት ጨመረ። ከማከፋፈያው ቦርድ እስከ መኪናዋ ለብቻው ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ወፍራም ሽቦ ዘረጋ። ኤሌክትሪክ ሲሾልክ ሰው ሳይጎዳ የሚቆርጥ ብሬከርም ገጠመ። ዲቫይደሬን አንስቶ ለእማዬ ሰጣትና «ለስልክ ብቻ» አላት።

መኪናዋ በ8 አምፒር እንድትሞላ አስተካከለልኝ። በእኛ 220 ቮልት ሲሰላ 1.76 ኪሎዋት ነው። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ለ5 ሰዓት ያህል ከቆመች 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ትወስዳለች። በመሙላት የሚባክነው ተቀንሶም ለኔ የቀን መንገድ ይተርፋል። 16 አምፒር ላድርገው ስለው «ፓኔሉ አይችለውም፤ የቀረውን ከቆጣሪዎ ነው የሚስበው» አለኝ።

ከእማዬ ጋር የተጣሉት በምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ከመኪናዋ ጋር ሲደመር ኢንቨርተሩን ያልፈዋል። ስለዚህ ምጣዱን በቀጥታ ከቆጣሪው ጋር ተወው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይሠራል፣ መኪናዋ ትሞላለች፣ እንጀራ ግን አይጋገርም። «ይህ ሁሉ መስታወት ለመኪና ነው እንዴ?» አለች እማዬ። እስካሁን አልተዋጠላትም። ቡና ግን ሦስተኛውን ሳይጠጣ አትለቀውም።

ክረምቱስ? ልጁ ቀድሞ «ሐምሌ ላይ እንዳይረግሙኝ» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ዝናብ በዋለባቸው ቀናት ፀሐዩ የመንገዴን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ያኔ ማታ በዚያው በአዲሱ ሽቦ ከመንግሥት መብራት ሞላሁ፤ ምንም ነገር አልሸተተም። መስከረም ሲጠባ ወደ ፀሐዩ ተመለስን።

«ሕዳሴው ተመርቆ እያለ ሶላር ምን ያደርግልሻል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ግድቡ ያኮራኛል። ግን የቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፤ ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያለው ከፍተኛው ነው። መኪናዬ በወር ወደ 200 ያህል ብትጨምርበት የት እንደምደርስ አስሉት። በዚያ ላይ የሰፈራችን መብራት እንደፈለገ ነው የሚሄደው።

የዕቃውን ዋጋ አልጽፍም፤ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ዕቃውን አብረን መርካቶ ሄደን በኔ ስም ደረሰኝ ተቆርጦ ገዛን። እሱ የወሰደው የእጁን ብቻ ነው። በጥር ወር ሁለት ጊዜ፣ በሰኔ አንድ ጊዜ ሳልጠራው መጥቶ ቡለኖቹን አጠበቀ። አንድ ነገር ብቻ አደራ ብሎኛል፦ ፓኔሉን በማለዳ ታጠቡ፤ መስታወቱ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍሱበት።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ ሳልጠይቀው አልለጥፍም። የምትፈልጉት በውስጥ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትቀጥሩት 2 ሰዓት ካላችሁ 4 ሰዓት ጠብቁት። በወሩ በ21 ግን አትደውሉ። ማርያም ናት፤ ስልኩን ይዘጋል።