ሄሊዮስ 44-2 ሶኒ ኤ6000 ላይ፣ ከወራት በኋላ

ሄሊዮስን ሶኒ ካሜራዬ ላይ ገጥሜ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ እየሰራሁባት ስለሆነ አሁን ስለሷ ማውራት እችላለሁ። ድሮ ከዜኒት ካሜራ ጋር ትመጣ የነበረችው የሶቭየት ሌንስ ናት፣ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2 (የብርሃን ቀዳዳዋ እስከዚህ ይከፈታል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ዲዛይኗ ከጀርመኑ ዛይስ ባዮታር የተቀዳ። የኔዋ የአጎቴ ናት፣ ሶቭየት ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ዜኒት ቁምሳጥን ውስጥ ሞቷል ሌንሱ ግን ንፁህ ነው፣ ስለዚህ ያወጣሁት የአዳፕተር ብር ብቻ።

አዳፕተሩ (ሌንሷን ከሶኒው የሚያገናኘው ቀለበት) መስታወት የሌለው ባዶ ብረት ነው። እንደሷ ያለ ኤም42 (በጥርስ የሚጠመዝ የድሮ መግጠሚያ) ሌንስ ከሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን ከሚቀበለው ቺፕ፣ 45.46 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት፣ ሶኒ ላይ ያለው 18 ስለሆነ ቀለበቱ ክፍተቱን ይሞላል፣ አለቀ። ኒኮን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ያላችሁ ግን አስቡበት፣ የናንተ 46.5 ስለሆነ በባዶ አዳፕተር ሩቁን ፎከስ አያደርግላችሁም። ሜኑ ውስጥ ደግሞ ያለ ሌንስ እንዲያነሳ ካልፈቀዳችሁለት ሻተሩን ብትጫኑት ብትጫኑት ዝም ነው።

በጣም የሚያስቸግረው ፀሐያችን ነው ባይ ነኝ። ቀን ስድስት ሰዓት ፒያሳ ላይ ኤፍ 2 ከፍታችሁ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 ብታደርጉትም ካሜራው ከ1/4000 ሰከንድ በላይ ስለማይፈጥን ፊት ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ወይ ወደ ኤፍ 4 መዝጋት ወይ 49 ሚሊ ሜትር ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) መግጠም ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ከመጣች ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል፣ አንዳንዱ ይሄን ይወደዋል፣ እኔ በእጄ እጋርዳለሁ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ ዛፍ ስር ስትሆኑ ግን ሌላ ናት! ቆዳ ላይ እንዴት እንደምታምር። ዝነኛው የጀርባ ሽክርክሪት ጠርዝ ላይ ስለሆነ የኛ ትንሽ ሴንሰር አብዛኛውን ይቆርጠዋል፣ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ) ላይ ያያችሁትን አትጠብቁ። ፎከሱን በፒኪንግ (ካሜራው ፎከስ የሆነውን ጠርዝ በቀለም ሲያሳይ) ብቻ ካመናችሁ ኤፍ 2 ላይ አይን ይባልና ቅንድብ ይሆናል፣ አጉልታችሁ እዩ። ለቪዲዮ የአፐርቸር (የብርሃን ቀዳዳው) ቀለበቷ ቀጭ ቀጭ ሳይል ስለሚዞር ደስ ይላል።

ሰርግ ለምትሰሩ አልመክርም። ፎከስ ቀለበቷ ብዙ ስለሚዞር እስክስታ የሚወርድ ሰው አይጠብቃችሁም፣ 58ቱም እዚህ ሴንሰር ላይ እንደ 87 ሚሊ ሜትር አጥብቦ ስለሚያሳይ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ላይ ትለጠፋላችሁ፣ እኔም ለሱ ኪት ሌንሱን (ከካሜራው ጋር የሚመጣውን) ነው የምይዘው።