ጓሮዬን ከጎርፍ ላተረፉልኝ የሰፈራችን አትክልተኞች

ደሴ ያላችሁ፣ በተለይ ከጦሳ ተራራ ሥር ጓሮ ያላችሁ፣ ይህቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

ቤታችን ተዳፋት ላይ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ከጓሯችን እየቆረሰ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወስድብናል። እናቴ በሕይወት ሳለች «አፈራችን ተኮምቦልቻ ገብቷል፣ እኛ ነን የቀረነው» እያለች ትስቅ ነበር። እኔን ሳቁ አልመጣልኝም። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጥሩ ሄደ ወይስ አለ እያልኩ ነው የማነጋው።

ያልሞከርኩት የለም። አንዱ ግንብ እሠራለሁ ብሎ ቀብድ በላና ድንጋይ አራግፎ ስልኩን ዘጋ። ድንጋዩም በነሐሴ ጎርፍ ሄደ። አንድ ቢሮ አመለከትኩ፤ ወረቀቴ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ክረምቱ አለቀ። ሌላው ደግሞ 30 ችግኝ በውድ ሸጦልኝ ራሱ ተከለው። ለፋሲካ አንድም አልቀረ። ስጠይቀው «አፈርሽ ነው» አለኝ። እኔም አምኜው!

የሰፈራችን የአትክልት ማኅበር ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቆፍሩ ሳይ ሥራ ፈቶች ይመስሉኝ ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጉሊት የሚውሉ እናቶች፣ የሰፈር ጎረምሶች ናቸው። መንገድ ዳር የቆሻሻ መጣያ የነበረውን ቦታ አበባ በአበባ ያደረጉት እነሱ ናቸው። አሁን እዚያ የሚሸና የለም፣ ከሞላ ጎደል።

አምና ሰኔ ላይ ለምኛቸው መጡ። መምህሩ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ምንም ሳይናገሩ ከደረቁት ችግኞች አንዱን ነቀሉት። ጥቁሩ ላስቲክ እንዳለ ነው! ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ውስጥ ተጠምጥሟል። ሰውዬው ላስቲኩን እንኳ ሳይቀድ ነበር የቀበረልኝ። ጋሼ ላስቲኩን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «አፈርሽ ምንም አልሆነ» አሉኝ። እንባዬ መጣ ብል ትስቁብኛላችሁ።

ከዚያ ክትር ሠሩ፣ ቦይ ቀደዱ፣ ዳር ዳሩን ቬቲቨር የሚባል ሣር ተከሉ፣ ወይራና ኮሶ ጨመሩ። ባሕር ዛፍ ለምን እንደማይሆን ጋሼ አስረድተውኛል፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ የሣሩ ሥር ከቁመቱ በላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ነው።

እኔ ግን የማልረሳው ሌላ ነው። የእናቴ ጤና አዳም አፋፉ ላይ ነበረች። እናቴ ካረፈች ወዲህ ለቡናችን የምንቀነጥበው ከእሷው ነው። ቆፋሪዎቹ ሊደርሱባት ሲሉ አንዷ እናት «ቆይ፣ ቆይ!» አሉ። በእጃቸው ከነአፈሯ አንስተው በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ቤታቸው ወሰዷት። «አብሽሪ ልጄ፣ አደራ ናት» አሉኝ። መስከረም ላይ አቅፈው፣ በዣንጥላ ከልለው አመጡልኝ። ቀንበጥ አውጥታለች።

የከፈልኩት የችግኝ ዋጋ ብቻ ነው። ለድካማችሁ ስል «ቡና አፍዪልን» አሉ።

ዘንድሮ ነሐሴ አለፈ፤ አጥሩ እዚያው ነው። እኔም ተኝቼ አደርኩ። እባካችሁ ጥሯቸው፣ ለሌላ ሰው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጥሯቸው። ጉልበት ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ ከሰፈሩ በላይ ያለው ቦረቦር ገና ብዙ ሰው ይፈልጋል።

በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ቡናው ግን ይዘጋጅ። ጤና አዳም ከሌላችሁ ከእኔ ትወስዳላችሁ።