ደሴ ላይ ልጄን የማስቀምጥበት የህፃናት ማቆያ፣ በተለይ ለመንግስት ሰራተኛ እናቶች

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ እናቶች፣ አባቶችም ብታነቡት ደስ ይለኛል። ልጅሽን ለማን ጥለሽ ነው ፊልድ ሁሉ የምትወጪው እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ በጣም ስለበዛችሁ ስለምጠቀምበት ማቆያ የማውቀውን በሙሉ አንዴ ልፃፈው ብዬ ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላስቀምጥም፣ የማቆያው ባለቤት ቦታው ስለሞላ ሰው መጥቶ እንዳይመለስብኝ ስላለችኝ የምር የምትፈልጉ በውስጥ ፃፉልኝ፣ ተራ መያዝ ይቻላል።

ቦታው ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፣ ተከራይተው ያደሱት የድሮ ቪላ፣ ሶስት ክፍልና ትንሽ ግቢ አለው። ልጅ ከ3 ወር ጀምሮ ይቀበላሉ፣ መጀመሪያ የሳበኝም ይሄ ነው ምክንያቱም ሌላ የጠየቅኩበት ቦታ ሁሉ መልሱ ቆሞ ካልሄደ አንወስድም ነበር። ሂሳቡን እዩት እስቲ፣ የቀድሞው የፌደራል መንግስት ሰራተኞች አዋጅ 1064/2010 ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ነበር የሰጠው፣ ሃኪም ግን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው የሚለው፣ ስለዚህ መሃል ላይ 3 ወር ክፍት ይቀራል፣ እና ያንን 3 ወር የሚሸፍንልሽ ሰው ካጣሽ ወይ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ትለምኛለሽ ወይ ስራ ትለቂያለሽ። እኔ አብረውኝ ከተቀጠሩት ሴቶች ውስጥ ጎበዝ ጎበዞቹ የወጡት በዚች ቀዳዳ ነው፣ ስራው ከብዷቸው አይደለም። ያ አዋጅ እኮ መስሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጅ የሚንከባከቡበት ቦታ እንዲያዘጋጁም ይል ነበር፣ የተዘጋጀላችሁ ካላችሁ እሰየው፣ እኔ ያለሁበት ግን የለም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ ማታ 12፡00 ነው፣ ቢሮ 2፡30 ገብቶ 11፡30 ለሚወጣ ሰው በሁለቱም በኩል መተንፈሻ አለው ማለት ነው። አርብ አርብ የምሳ ሰዓቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ ሄጄ አጠባለሁ፣ ጥግ ላይ መጋረጃ ያለው መቀመጫ አዘጋጅተዋል፣ ቶሎ በይ የሚል የለም።

የወተቱ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ እናት የምትፈራው እሱን ነው። ጡቴን በፓምፕ አልቤ በጡጦ አመጣለሁ፣ በር ላይ የምትቀበለኝ ሞግዚት ነጭ ፕላስተር ቆርጣ የልጁን ስምና የታለበበትን ሰዓት በእስክሪብቶ ትፅፍበታለች፣ ሰዓቱን ካልነገርኳት አትቀበለኝም። ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ ውጪ ከሆነ ግን 4 ሰዓት ነው ልኩ፣ ይህን ከኔ በላይ ነው የሚያውቁት። መብራት ሲጠፋ (ያው ታውቃላችሁ ሲጠፋ) ፍሪጁን እንዳይከፍቱ የጠፋበትን ሰዓት በሩ ላይ ለጥፈው ከቆየ ደውለው ይነግሩሻል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸና ወጥቼ ሳነሳው ወተቱ ስላሳሰበን እንድፋው ወይ ብለው ነው፣ ሌላ ቦታ ቢሆን ዝም ብለው ይሰጡት ነበር። ከ6 ወር በላይ ላሉት ገንፎ፣ አጥሚት፣ ድንችና ካሮት የተፈጨ፣ ከፍ ላሉት የሽሮ ፍትፍት። አንድ ሞግዚት ከአራት ህፃን በላይ አትይዝም።

ሁለተኛው የወደድኩት ነገር ደብተሩ ነው። ልጁን ማን መጥቶ መውሰድ እንደሚችል ስትመዘገቢ ስምና ፎቶ ትሰጫለሽ፣ የኔ ገፅ ላይ አራት ሰው አለ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ጎረቤቴ፣ እኔ። ጎረቤቴ አንድ ዝናባማ ማታ ተከናንባ ስትሄድ ዘበኛው ፊቷን በደንብ ስላላየ "እትዬ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እናትየዋ ጋ ልደውል" ብሎ አቆማት፣ እሷም ተናዳ ትነግረኛለች ስል "አብሽሪ፣ ልጅሽ ጥሩ እጅ ላይ ነው" ብላኝ አረፈች። ብዙ ቦታ እናት ብቻ ነሽ የምትወስጂው ይሉሻል፣ እናት ብቻ ከተባለ ደግሞ የኔ ስራ እዛው ላይ ቆመ ማለት ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የዞንም የከተማም መስሪያ ቤት የሰራ ያውቀዋል፣ ሰው የሚያድገው ፊልድ በመውጣት ነው። ደላንታ፣ ተንታ፣ ወረኢሉ ወርዶ ወረዳውን ያየ ነው ሪፖርት የሚፅፈው፣ ሪፖርት የፃፈ ነው ስብሰባ ላይ የሚያቀርበው፣ ያቀረበ ነው ኃላፊዎቹ የሚያውቁት፣ ከዛ የቡድን መሪ ቦታ ሲወጣ የስራ ልምድ ተብሎ የሚቆጠረው እሱ ነው። ሴት ከወለደች በኋላ ደግሞ "እሷ ልጅ አላት አትቸገር" ተብሎ ስሟ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ በደግነት ነው የሚያደርጉት ግን ሁለት ዓመት በደግነት ከቆየሽ በኋላ ልምድ የለሽም ትባያለሽ። እኔ ስሜ እንዳይወጣ ብዬ የተናገርኩት ማቆያው ስላለ ብቻ አይደለም፣ 12 ሰዓት ሲሆን ማቆያው ይዘጋል፣ ከተንታ የሚመለስ መኪና ደግሞ 12 ሰዓት የት እንደሚሆን እግዜር ነው የሚያውቀው። ያን ሰዓት ላይ በሩ ላይ የሚቆምልኝ ሰው ስላለኝ ነው የተናገርኩት።

ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሰራው፣ ስወልድ የግሉ ዘርፍ አዋጅ 1156/2011 የፈቀደለት 3 ቀን ነበር፣ በ1064/2010 የመንግስት ሰራተኛ ቢሆን 10 የስራ ቀን ነበር። 3 ቀን ምን ያደርጋል፣ ሆኖም ከዛ በኋላም ጠዋት ልጁን አልብሶ አብልቶ አድርሶ ነው ሚኒባስ የሚይዘው፣ ሐረጎ ላይ ጉም ሲሆን ማታ ስለሚዘገይ መውሰዱ ላይ አንተማመንም፣ ማድረሱ ግን የሱ ነው። አማቴ ከሐይቅ ፊልድ ሊኖረኝ ነው ስላት አስቀድማ ትመጣለች፣ ገና ሳገባ "ልጄ፣ አንቺ ብቻ ስራሽን አትልቀቂ፣ ልጁን እኔ አለሁልሽ" ያለችኝ ሴት ናት፣ እሷ ራሷ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ሴቶች ደግሞ አራስ ሆኜ ተራ ገብተው ነው የጠየቁኝ፣ አሁንም ለቅሶ ቤት ተራዬ ሲደርስ ፊልድ ላይ ከሆንኩ ጎረቤቴ ትሸፍንልኛለች፣ እኔ ደግሞ ቅዳሜ እሁድ የሷን እሸፍናለሁ። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ቅሬ የቀረች ሴት ስሟ ይነሳል፣ ስሟ የተነሳ ሴት ደግሞ ሰፈር ውስጥ ልጅ ያዙልኝ ብላ የምትጠይቀው ሰው አይኖራትም።

ሁሉም ሰው ግን እንደዚህ አይደለም። አንዲት ዘመዳችን ሴት ልጅ ስልጣን ምን ይሰራላታል ልጇን ለባዳ ሰጥታ ብላ ቡና ላይ ስትናገር ሰምቻለሁ። እኔ አልገባኝም፣ ወሎ እኮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወርቂትና መስታወት የሚባሉ ሴቶች ያስተዳደሩት አገር ነው፣ ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ አገሯን ያሳለፈቻቸው ወርቂት ናት፣ እኛ ከተማ ውስጥ ስመ ጥሩው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት በሴት ስም ነው የተሰየመው። ጥቅምት 2011 ላይ ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴት ሲሆኑ፣ በዚያው ወር ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ሰፈሩ ሁሉ እልል ብሏል። እልልታው ጥሩ ነው ግን ላይ የሚደርሱት ከታች ያልቀሩት ናቸው፣ ከታች ደግሞ ሴቷን የሚያስቀራት ማታ 12 ሰዓት ላይ ልጇን የሚወስድላት ማጣት ነው። ዘመዳችን ስትናገር አማቴ ስኒውን አስቀምጣ "ባዳ አይደሉም፣ እኔም አለሁ" ብቻ ነው ያለቻት፣ ከዛ ወዲህ አልተነሳም።

ወደ ማቆያው ልመለስ። ባለቤቷም ራሷ የቀድሞ የመንግስት ሰራተኛ ናት፣ ልጅ የሚይዝላት አጥታ ነው የለቀቀችው፣ ለዛ ይመስለኛል ነገሩ የሚገባት። የመስሪያ ቤት እናቶች በቴሌግራም ግሩፕ የሳምንቱን ፊልድና ስብሰባ አስቀድመን እንፅፋለን፣ እሷም በዛ ሞግዚቶቹን ታደላድላለች። በረመዳን የሚፆሙት ለማፍጠሪያ ቤታቸው እንዲደርሱ የማታውን ሰዓት ክርስቲያኖቹ ይይዛሉ፣ በፋሲካና በገና ሰሞን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ማንም አዝዟቸው ሳይሆን ራሳቸው ተነጋግረው ነው።

የማይመቸኝን ደግሞ ልናገር። ቅዳሜ ዝግ ነው፣ የበጀት መዝጊያ ሰኔ ላይ ቅዳሜ ሁሉ ስለምንሰራ ያን ጊዜ ማቆያው የለም ብላችሁ ቁጠሩ። ልጅ ትኩሳት ካለው አይቀበሉም፣ ይሄ ልክ ነው፣ ግን ስንት ዲግሪ ሲሆን እንደሆነ የተፃፈ ነገር ስለሌለ አንዷ ሞግዚት የመለሰችውን ሌላዋ ትቀበላለች፣ ወረቀት ላይ ይፃፍ ብዬ ነግሬያታለሁ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ምንጣፍ ያለው አንዱ ክፍል ብቻ ነው፣ በደሴ ብርድ ሁሉም ክፍል ሊኖረው ይገባል። ክረምት ላይ መግቢያው ጭቃ ስለሆነ ባጃጅ በር ድረስ አይገባም፣ ልጅ አዝላችሁ ትንሽ መውጣት አለ።

ክፍያው ለኔ ከደመወዜ ወደ ሩብ የሚጠጋ ነው፣ ይከብዳል፣ ብዙ የመንግስት ሰራተኛ አይችለውም። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ከፍሎ መጨረስ ይቻላል፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ። ለሁለት ልጅ ቅናሽ አለ።

ከአምስት አራት ተኩል ነው የምሰጠው፣ ግማሿን የቀነስኩት ለትኩሳቱና ለምንጣፉ ነው። የቡድን መሪ ምደባው ባለፈው ወጥቶ ስሜ አለበት፣ ከመስከረም ጀምሮ ፊልዱ ስለሚበዛ ደብተሩ ላይ አምስተኛ ሰው አስመዝግቤያለሁ፣ የባለቤቴን እህት። የምትመዘገቡ ካላችሁ ግንቦት ሳያልቅ ሂዱ፣ መስከረም ላይ ቦታ አታገኙም፣ የልጁን የክትባት ካርድና የሚወስዱትን ሰዎች ሁለት ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ፣ ለልጁ ደግሞ ተደራቢ ካልሲ።