ምላሱ ታስሯል ለተባለ ሕፃን፦ ካይሮፕራክተር፣ ሌዘር ወይስ የጡት ማጥባት አማካሪ?

ዲሲና ሜሪላንድ ያሉ ጓደኞቼ በወለዱ ቁጥር የምትመጣ ጥያቄ አለች፦ «ልጄ ጡት በደንብ አልይዝ አለ፣ ምላሱ ታስሯል ተባልኩ፤ ካይሮፕራክተር ጋ ልውሰደው?» አትውሰጂው እላለሁ። ታስሯል የሚባለው ከምላሱ ሥር ያለው ቀጭን ክር ምላሱን ጎትቶ ሲይዘው ነው፤ ካይሮፕራክተር ደግሞ አከርካሪ ላይ በእጁ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ከገንዘቡ ልጀምር።

በቅርቡ አንዷ ጓደኛዬ የተነገራት ሒሳብ ይኸውላችሁ። ክሩን በሌዘር ለመቁረጥ 800 ዶላር፤ ከመቆረጡ በፊትና በኋላ ደግሞ ለካይሮፕራክተር በቀጠሮ 75 ዶላር፣ ቢያንስ 8 ቀጠሮ። በድምሩ 1,400 ዶላር፣ ያውም ኢንሹራንስ አንቀበልም ተብሎ ከኪሷ። ያለ ደመወዝ ቤት የተቀመጠች አራስ ናት እንግዲህ!

ካይሮፕራክቲክ በ1895 አሜሪካ ውስጥ አዮዋ ላይ የተጀመረ፣ በአከርካሪ ላይ የሚሠራ ሙያ ነው። ምላስን የሚይዘው ግን ከሥሩ ያለው ክር፣ ቀጭን ሥጋ ነው፤ አንገትና ጀርባ ስለታሸ አይላላም። «ከመጣን ወዲህ ተሻለው» የሚሉ እናቶችን አምናቸዋለሁ፤ ግን ብዙ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱ እየጎለበተ መጥባት ይለምዳል፤ ምስጋናው የሚሄደው በዚያው ሰሞን ገንዘብ ለተቀበለው ሰው ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የሙያው ቦርድ ራሱ በ2019 ከ2 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አከርካሪ ማንቀሳቀስ አግዶ ነበር። የልጁ አንገት ወደ አንድ ጎን ካጋደለ የሕፃናት ፊዚካል ቴራፒስት አለ፤ ሐኪሙ ሪፈር ካደረገ ብዙ ኢንሹራንስ ይሸፍናል።

እኔ የምመርጠው የጡት ማጥባት አማካሪ ነው፤ ዋናው ምክንያቴም ዋጋው ነው። በአሜሪካ ሕግ አብዛኞቹ ኢንሹራንሶች የጡት ማጥባት ድጋፍን ያለ ኮፔይ (ከኪስ የሚከፈል ድርሻ) መሸፈን አለባቸው። ዊክ (WIC፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ እናቶችና ሕፃናት የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ) ያላችሁ እዚያም በነፃ ጠይቁ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ በጥቂት ቀን ኮርስ «የላክቴሽን ስፔሻሊስት» የሚል ካርድ የሚያሳትም ሰው ሞልቷል። «አይቢሲኤልሲ (IBCLC) ነሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በዓለም አቀፍ ቦርድ ተፈትና የተመሰከረላት የጡት ማጥባት አማካሪ ማለት ነው። ጥሩዋ አማካሪ ልጁ ሲጠባ ቁጭ ብላ ታያለች፣ ከመጥባቱ በፊትና በኋላ ትመዝናለች፣ አያያዛችሁን ታስተካክላለች። አፉን ገና ሳታይ የሌዘር ሐኪም ስልክ የምትሰጣችሁን ተዉአት።

መቆረጥ ጨርሶ አያስፈልግም አልልም። ክሩ ምላሱን ጎትቶ ከያዘውና አያያዙ ተስተካክሎም የጡታችሁ ጫፍ ከቆሰለ ይቆረጥ። በ2017 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 5 ጥናቶችን፣ በአጠቃላይ 302 ሕፃናትን አይቶ መቆረጡ የእናትን ሕመም ለአጭር ጊዜ እንደሚቀንስ አግኝቷል፤ በልጁ አጠባብ ላይ ግን ወጥ የሆነ ለውጥ አላገኘም። ለዚህም የአንገት በላይ ሐኪም መቀስ ይበቃል። የሰከንዶች ሥራ ነው፣ ደሙ ጠብታ ነው፣ ልጁ ወዲያው ይጠባል፤ አብዛኛውን ጊዜም በኢንሹራንስ ያልፋል። ሲወለድ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የቫይታሚን ኬ መርፌ መወጋቱን ብቻ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

«ከንፈሩንም አብረን እንቁረጥለት» ካሏችሁ እምቢ በሉ። የላይኛው ከንፈር ክር በአብዛኛው ሕፃን ላይ ያለ ተፈጥሮ ነው። እንጥል አይቆረጥም ብለን ከእናቶቻችን ጋር የተከራከርን ሰዎች ሌዘር ስለሆነ ብቻ ዝም ማለታችን ያሳዝነኛል።

የትኛውንም ብትመርጡ ሚዛኑን አትርሱ። ልጁ በሁለት ሳምንቱ የልደት ክብደቱን ካልመለሰ፣ ወይም ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ከ6 ያነሰ ዳይፐር ካረጠበ፣ የአማካሪም የካይሮፕራክተርም ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን የሕፃናት ሐኪሙ ጋ ደውሉ።